አባዬን ያፈነው ማን ነው?

ሰው ከአባቱ መሬት ይወርሳል፣ ቤት ይወርሳል፤ ሁሉንም ቢያጣ አፍንጫ ይወርሳል። እኔ ከአባቴ እስካሁን የወረስኩት የጆሮ ጥንካሬ ብቻ ነው። የተወለድኩትም ያደግኩትም ቃሊቲ ነው፤ ተሳቢ መኪና ጡሩንባውን የሚነፋበት፣ ብየዳ ቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ ብረት የሚያስለቅስበት ሰፈር። ከዚህ ሁሉ ጩኸት ግን አንዱም ከእንቅልፌ ቀስቅሶኝ አያውቅም። አባዬ በሚያንኮራፋበት ቤት ላደገ ሰው ሌላው ድምፅ ሁሉ እሹሩሩ ነው።

የአባዬን ማንኮራፋት ላልሰማ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ቢሆንም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስለሆንኩና ነገርን በቅደም ተከተል ማስረዳት ስላስተማሩን ልሞክር። መጀመሪያ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ዳገት ሲወጣ የሚያሰማውን ያሰማል። ቀጥሎ ማርሽ ይቀይራል። ከዚያ ድንገት ጸጥ ይላል። ክፉው ይህ ጸጥታ ነው፤ ሞተሩ ጠፋ ማለት ነው። እኔና እማዬ የያዝነውን እንደያዝን እንቆማለን፤ እሷ ከነሽንኩርቷ፣ እኔ ከነእስክሪብቶዬ። እማዬ «በስመ አብ» ብላ ሳትጨርስ አባዬ ከወንዝ እንደወጣ ሰው ትንፋሹን በኃይል ስቦ ይመለሳል፣ እኛም ወደየሥራችን እንመለሳለን። ሌላ ቤት ሽንኩርት የሚላጠው በእንባ ነው፤ እኛ ቤት በእንባም በስጋትም ነው።

«ሽንኩርት በሚላጥበት ሰዓት አባትሽ ምን ያስተኛዋል?» የምትሉ አትጠፉም። ልክ ናችሁ፤ አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ። አባዬ የሰርቪስ ሹፌር ነው። ቂሊንጦ ያለ አንድ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞችን አመሻሽ ላይ ያደርሳል፣ ጠዋት ደግሞ ወደየሰፈራቸው ይመልሳል። ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲወጣ እሱ ወደ አልጋው ይወጣል። ስለዚህ ቤታችን ቀኑን ሙሉ በሹክሹክታ የሚኖር ቤት ነው፤ ከባለቤቱ በስተቀር።

የአልጋው ራስጌ ያረፈበትን ግድግዳ የምንጋራው ከእትዬ ሐሊማ ጋር ነው። እትዬ ሐሊማ ከወሎ መጥተው እዚህ የከተሙት እኔ ሳልወለድ ነው። የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ አሁን ሱቁን ልጃቸው ስለያዘላቸው ቤት ተቀምጠው ዳንቴል ይሠራሉ። ቴሌቪዥናቸው ዳንቴል ለብሷል፣ ፍሪጃቸው ለብሷል፣ ራዲዮናቸው ለብሷል፣ የውሃ ጀሪካናቸው እንኳ አንገቱ ላይ ጣል አድርጓል። እቤታቸው ዳንቴል ያልለበሰው ድመታቸው ብቻ ነው፤ እሱም ሮጦ ስላመለጠ ነው። የአባዬን ማንኮራፋት በግድግዳው እየሰሙ ሰዓት ያውቃሉ። «ደምሴ ማርሽ ቀየረ፤ ዙሁር ደርሷል» ብለው ለሶላት ይነሳሉ። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ቅሬታ አቅርበው አያውቁም።

ነገሩ የመጣው አንድ ጠዋት ነው። አባዬ ሠራተኞቹን ጭኖ ሲመለስ የትራፊክ መብራት ያዘው። ቀዩ አረንጓዴ ሆነ። አረንጓዴው ተመልሶ ቀይ ሆነ። እንደገና አረንጓዴ ሆነ። አባዬ እግሩ ፍሬን ላይ፣ ሁለት እጁ መሪው ላይ፣ አንገቱ ቀጥ እንዳለ ተኝቷል። ከኋላው ያለው መኪና ሁሉ ጡሩንባውን ነፋ። በመጨረሻ ከፊት ወንበር የተቀመጠች አንዲት የስፌት ሠራተኛ ትከሻውን ነካ አድርጋ ቀሰቀሰችው። «ይቅርታ ጋሼ፣ ጸሎት እያደረሱ መስሎኝ ዝም ብዬ ነበር» አለችው።

ማንም አልተጎዳም፤ ለዚህ አሁንም ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ወሬው ግን ከሰርቪሱ ቀድሞ ፋብሪካ ደረሰ። የደኅንነት ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቁልፉን የተቀበለው በሁለት እጁ ነው። «ጋሽ ደምሴ፣ ሐኪም መንዳት ይችላሉ ብሎ እስኪፈርም ድረስ ይህን ሁሉ ነፍስ ላስይዝዎት አልችልም። ካልፈረመ ደግሞ መሪው ላይ አይመለሱም» አለው። እስከዚያው ድረስ የሌሊት በር ጥበቃ ላይ ተመደበ። እንቅልፍ ያስቸገረውን ሰው ጥበቃ መመደብ የማን ሐሳብ እንደነበር እስከዛሬ አልታወቀም።

አባዬ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ መሪ እንጂ ሌላ ነገር ይዞ አያውቅም። ቁልፉን ካስረከበ በኋላ ቤት ተቀምጦ እንኳ ቀኝ እጁ ማርሽ ይፈልግ ነበር። ምሳ ላይ የውሃውን ጆግ እጀታ ይዞ ሳያውቀው ወደ ሦስተኛ ሲያስገባው አይቻለሁ። እማዬም አይታለች፤ ግን አንገቷን ደፍታ እንጀራ ጨመረችለት።

ሐኪሙ አስተኝቶ ከመረመረው በኋላ «ስሊፕ አፕኒያ ነው» አለን። ሲተኛ ጉሮሮው እየተዘጋ ትንፋሹ ይቋረጣል፤ ትንፋሹ ሲቋረጥ አንጎሉ ይባንናል። ስለዚህ አባዬ ይህን ሁሉ ዓመት ሲተኛ የኖረው ሳይተኛ ነው። መድኃኒቱ ክኒን አይደለም፤ በማስክ በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮውን የሚከፍት ማሽን ነው። ማሽኑ የእንቅልፉን ነገር ካርድ ላይ ይመዘግባል። «በቀጠሮው ቀን ካርዱን አያለሁ። ጥሩ ከተኙ እፈርማለሁ» አለ ሐኪሙ።

ማሽኑን ማን ገዛ? ሰርቪሱ ላይ የሚሳፈሩት ሠራተኞች አዋጥተው። ከውጭ የመጣ፣ ያገለገለ፣ ግን ደህና ማሽን አገኙ። ሲያመጡልን አባዬ «ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ቆማችሁ ነው እንዴ» እያለ ቤታችን ውስጥ በሌሉ ወንበሮች ሁሉ ጋበዛቸው። የቀሰቀሰችው የስፌት ሠራተኛ ግን «ምስጋናው ይቆየን ጋሼ፣ ብቻ ይመለሱልን። አዲሱ ሹፌር ቅዳሴ እንደረፈደበት ዲያቆን ነው የሚነዳው» አለች።

እዚህ ላይ እኔ ወደ ወጉ እገባለሁ። የሴሚስተር እረፍት ላይ ነበርኩ። ገና ዲፓርትመንት አልመረጥኩም፤ ሰፈሩ ግን መርጦልኛል። የተፈጥሮ ሳይንስ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ «ዶክተር» ነው የምባለው። ስለዚህ ማሽኑ ሲመጣ ኃላፊነቱ ያለ ውይይት እኔ ላይ ወደቀ። የሆስፒታሉ ሲስተር አጠቃቀሙን ስታሳየን እያንዳንዱን ቃል ጻፍኩ። መሐል ላይ ስታስነጥስ «ታስነጥሳለች» ብዬ ጽፌ ኋላ ሰረዝኩት።

የመጀመሪያው ቀን አባዬ ማስኩን ሲያጠልቅ የጦር አውሮፕላን አብራሪ መሰለ። እማዬ በሩቁ አማተበች። ማሽኑ «ፉፉፉ» አለ፤ አባዬም ተኛ። ገልባጭ መኪናው የለም። ማርሹ የለም። ጸጥ። ደረቱ ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል። እኔና እማዬ ተያየን። ብዙም ሳይቆይ በራችን ተደበደበ፤ እትዬ ሐሊማ ነጠላ ጫማቸውን በአንድ እግራቸው ብቻ አድርገው ገቡ።

«አስካለ! ደምሴ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ እትዬ ሐሊማ፣ ተኝቶ ነው» አለች እማዬ።

«ተኝቶ ከሆነ ለምን ዝም አለ?»

ወስደን አሳየናቸው። ራስጌው ቆመው ብዙ አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ወጡና «አልሐምዱሊላህ። እኔ እኮ ግድግዳው ዝም ሲለኝ ነፍሴ ወጣች» አሉ። እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። «ይቺን ማሽን የሠራ ሰው እጁ ይባረክ። እኔም አንድ ነገር ላድርግላት።»

ላድርግላት ያሉት ለማሽኗ ነው። ቃላቸውንም ጠበቁ። በሳምንቱ ጥቅል ይዘው መጡ። ሲፈቱት እማዬ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ነጭ ዳንቴል፤ ከሥሩ ቀይ የከፋይ ገበር፤ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ። በማሽኑ ልክ የተሰፋ ነው። ለቱቦው ብቻ ክብ ቀዳዳ ተትቶለታል፤ ከታች ደግሞ ጥብቅ ተደርጎ የሚታሰር ማሰሪያ አለው።

«ገበሩን ያደረግኩት ለአቧራው ነው» አሉ። «የቃሊቲ አቧራ ዳንቴል ብቻ አይመልሰውም።»

ማሽኑን አለበስነው። እውነት ለመናገር በጣም አማረበት። ቤታችን ውስጥ ከእሱ የተሻለ የለበሰ አልነበረም።

በዚያው ቀን አባዬ ከእንቅልፉ ዘሎ ተነሳና ማስኩን ከፊቱ ነጠቀው። «አፈነኝ!» አለ።

ወዲያው መዝገበ ቃላት የሚያክለውን ማንዋል ገለጥኩ። መጀመሪያ የሚለው የማስኩ ማሰሪያ ላልቶ እንደሆነ እይ ነው። አልላላም፤ ግን ለጥንቃቄ አጠበቅኩት። አሁንም አፈነው። ደግሜ አጠበቅኩት። አባዬ ሲነሳ ፊቱ ላይ የማሰሪያው ምልክት ቀርቶ ለገበያ የተዘጋጀ ሙክት መሰለ። «ልጄ፣ ልታስተኚኝ ነው ወይስ ልትጭኚኝ?» አለኝ።

ቀጥሎ ማንዋሉ ፀጉር ካለ ማስኩ አይገጥምም ይላል። ይህን ጮክ ብዬ ማንበብ አልነበረብኝም። የአባዬ ሪዝ በሰርቪሱም በሰፈሩም የታወቀ ነው። እማዬ ራሷ «ያገባሁት ሪዙን አይቼ ነው፤ ሰውየውን ኋላ ነው የለመድኩት» ትላለች። አባዬ መስታወት ፊት ቆመ። ከዚያ ወደ መኝታ ቤት ሳይሆን ወደ ፀጉር ቤት ሄደ። ሲመለስ ማንም አልሳቀም፤ ማንም ደግሞ ቀና ብሎ አላየውም። አመሻሽ ላይ ሥራ ሲገባ አብሮት የሚጠብቀው ጓደኛው «አባት፣ መታወቂያ» ብሎ በር ላይ አቆመው አሉ። ሪዙም ሄደ፤ ትንፋሹም አልመጣ።

እማዬ በበኩሏ የራሷ ምርመራ ነበራት። «ቀኑን ሙሉ አፍንጫው ውስጥ ንፋስ የሚነፋበት ሰው እንዴት ምች አይመታው?» አለችና ዳማከሴ ጨምቃ ማስኩን በውስጥ በኩል ቀባችው። ማሽኑ ተነሳ። ዳማከሴው አባዬን አልፎ ቤቱን፣ ቤቱን አልፎ ግቢውን አዳረሰው። የምች መድኃኒት የምንሸጥ የመሰላቸው አንዲት ሴትዮ በር ድረስ መጥተው ጠየቁ።

ማሽኑ ደግሞ አየሩ እንዳይደርቅ ውሃ የሚያዝበት ትንሽ ዕቃ አለው። ማንዋሉ የተጣራ ንጹሕ ውሃ ይላል። አንድ ቀን ዕቃውን ሳጥበው የማላውቀው አፈር ነገር ከሥሩ አገኘሁ።

«እማዬ፣ እዚህ ውስጥ ምን ጨመርሽ?»

«ንጹሕ ውሃ አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«የአቦን ጸበል ነው የጨመርኩት። ከሱ የበለጠ ንጹሕ ውሃ ካለ አምጪና አሳዪኝ።»

ለዚህ በማንዋሉ ውስጥ መልስ የለም። ፈለግኩ፤ ማውጫው ላይም የለም። በመጨረሻ ተስማማን፤ የተጣራው ውሃ ለማሽኑ፣ ጸበሉ ለአባዬ፣ ግን በብርጭቆ።

እማዬ አሁንም አላረፈችም። ማስኩን ወደ ብርሃን አንስታ «ይኸው! ተበስቷል!» አለች። ፊት ለፊት ያሉትን ትናንሽ ቀዳዳዎች ማለቷ ነው። ፕላስተር ልትለጥፍ ስትል እጇን ያዝኩ። እነዚህ ቀዳዳዎች የሚወጣው ትንፋሽ የሚሄድባቸው ናቸው፤ ከተደፈኑ ሰውየው የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይተነፍሳል፤ ማንዋሉ ይህን በትልልቅ ፊደል ጽፎታል። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ጠቃሚ ነገር የሠራሁት ያኔ ብቻ ስለሆነ ሳልናገረው ማለፍ አልፈለግኩም።

ቀጠሮው እየቀረበ ነበር። አባዬ ጠዋት ከጥበቃ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ፣ ሪዙ ጠፍቶ፣ አልጋውን እንደ ጠላት ነበር የሚያየው። አንድ ቀን «ተይው ልጄ። የበር ሥራም ሥራ ነው» አለኝ። እጁ ግን የጆጉን እጀታ ይዞ ነበር። ያኔ ወጥቼ ለሲስተሯ ደወልኩ።

«ማሽኑ የት ነው ያለው?» አለችኝ። «አቧራ ያለበት ቦታ እንዳይሆን።»

«ኧረ ሲስተር፣ አቧራ አይነካውም! በደንብ ተሸፍኗል» አልኩ በኩራት።

«በምንድን ነው የተሸፈነው?» አለች፤ ኔትወርክ ተቋረጠ። ደግሜ ሞከርኩ፤ አልገባም አለ። ድምጿ ትንሽ ከፍ ያለው ስለተደሰተች መስሎኝ ደስ ብሎኝ ገባሁ።

በዚህ መሐል ዒድ ደረሰ። እትዬ ሐሊማ ለዒድ የቤታቸውን ዳንቴል ሁሉ አጥበው ስታርች ያደርጋሉ። የእኛንም አልረሱም፤ አባዬ ሊተኛ ሲል ገብተው «የማሽኗን ልብስ አምጡ፣ አብሬ ልጠብላት» ብለው ወሰዱት። አባዬ ያን ቀን ተኛ። እንዴት ያለ እንቅልፍ! ተነስቶ ፊቱን ሲታጠብ ሲያፏጭ ሰማነው።

«ሪዙ ነው፤ በከንቱ አልሄደም» አለ አባዬ።

«ጸበሉን ስለጠጣህ ነው» አለች እማዬ።

እኔ ጠዋት ማሰሪያውን ትንሽ አላልቼው ስለነበር አንድ ነገር ልናገር አስቤ፣ በትሕትና ፈገግ ብዬ ብቻ አለፍኩ። ያ ፈገግታ ዛሬም ያሳፍረኛል።

በማግስቱ ዳንቴሉ ታጥቦ፣ በስታርች እንደ ካርቶን ደርቆ ተመለሰ። ዒዱ ለማሽኗም ዒድ ሆነላት፤ አለበስናት፣ አጥብቀን አሰርናት። አባዬም የሪዙን ቦታ በዳበሰበት እጁ ማስኩን አጥልቆ በሙሉ ተስፋ ጋደም አለ። ትንሽ ቆይቶ ማስኩን ነቅሎ አልጋው ላይ ተቀመጠ። በነጭ ካናቴራው፣ አንገቱን ደፍቶ። «በቃኝ» አለ። ጮክ ብሎ አይደለም። ጮክ ብሎ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ማሽኑን ማዳመጥ ጀመርኩ። «ፉፉፉ» አይልም። አፉ ላይ እጅ እንደተጫነበት ሰው «እምምም» ነው የሚለው። ጀርባውን ነካሁት፤ ይፋጃል። ማሰሪያውን ፈታሁና ዳንቴሉን ገለጥ አደረግኩት።

«ፉፉፉ!» ማስኩ ከአባዬ ጭን ላይ ዘሎ አየሩን ፊቱ ላይ ነፋው።

ዳንቴሉን መለስኩ። «እምምም።» ገለጥኩ። «ፉፉፉ!» ሙከራ መደጋገም እንዳለበት ስለተማርን ደጋገምኩት። ማንዋሉ ላይ አንድ ሥዕል ነበር፤ ማሽኑ ብርድ ልብስ ለብሶ በላዩ ላይ ትልቅ ኤክስ ተደርጎበታል። እኔም በደብተሬ «ብርድ ልብስ አይልበስ» ብዬ በጥንቃቄ ጽፌ፣ ከሥሩ አስምሬበታለሁ። ዳንቴል ብርድ ልብስ አይደለማ! አየር የሚስበው ከጀርባው ነው፤ ጀርባውን ደግሞ እኛ ለክብሩ ብለን ከፋይ ደርበንበታል።

ቀና ስል እትዬ ሐሊማ በሩ ላይ ቆመዋል። የዒድ ብስኩት በሳህን ይዘዋል። እማዬ ከኋላቸው ናት። ሁለቱም አይተዋል።

«እትዬ ሐሊማ… ልጅቷ እኮ አቧራውን እያራገፈች ነው» አለች እማዬ።

«ትናንት ካጠብኩት ላይ ምን አቧራ አለ?» አሉ። ሳህኑን አስቀምጠው መጡ። ዳንቴሉን በገዛ እጃቸው አንዴ ጣል፣ አንዴ ገለጥ አደረጉት። «እምምም።» «ፉፉፉ።» አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

«ያረቢ» አሉ። «እዚያ ማዶ ሆኜ ዱዓ የማደርግለትን ሰው እዚህ የማፍነው እኔው ነኛ።»

ቤቱ ጸጥ አለ፤ ያ ሞተር የጠፋበት ዓይነት ጸጥታ። እማዬ የሻርፗን ጫፍ ትጠቀልላለች። እኔ ደብተሬን አየሁ፤ ደብተሬ ምንም አላለኝም። ያን ዳንቴል ስንት ቀን እንደሠሩት፣ ዓይናቸው ደክሞ መነጽር እንደለወጡ ሁላችንም እናውቃለን። ጎረቤትን ያህል ነገር በዳንቴል ምክንያት ሊቀየምብን ነው አልኩ በልቤ።

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ ሐሊማ፣ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን በግድግዳ እንቅልፍዎን ስነሳዎት ኖሬያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ግድግዳውን አንኳኩተው ዝም በል ብለውኝ አያውቁም። እርስዎ እኔን አንድ ሳምንት ቢያፍኑኝ ምን ይገርማል?»

እትዬ ሐሊማ ቀና አሉ። «ማን ነው አላንኳኳም ያለህ?»

«አንኳኩተው ያውቃሉ?»

«በዘነዘና ሳይቀር! አልሰማ ብለህ ነው እንጂ!»

መጀመሪያ የሳቀችው እማዬ ናት። ከዚያ እሳቸው። አባዬ ሪዝ በሌለው አፉ ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፤ ሕፃን ይመስላል። እትዬ ሐሊማ በነጠላቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ «በል ብድሬን መልሻለሁ፤ አሁን ተኛ» አሉና መቀስ ጠየቁ፤ ጀርባውን ሊቆርጡለት።

«አይቆረጥም!» አለ አባዬ። ዳንቴሉን ከእጃቸው ተቀብሎ በሁለት እጁ ዘረጋው። «ይህን የመሰለ ዘርፍ ያለው ዳሽቦርድ ላይ ነው። ከፈረሙልኝ እዚያ ነው የሚሆነው።»

ካልፈረሙለት የት እንደሚሆን ማንም አልጠየቀም። እማዬ አጥፋ ቁም ሳጥን ውስጥ ከጥምቀት ልብሷ ጋር አስቀመጠችው።

ከዚያ ወዲያ አባዬ ተኛ። ችግሩ አሁን ወደ እኛ ዞረ። እማዬ ጸጥታውን መልመድ አቃታት፤ በየመሐሉ ገብታ የማስኩ ቀዳዳዎች ላይ መዳፏን ታደርጋለች። ትንፋሹ እጇን ሲሞቃት ትወጣለች። አንዳንዴ ግን አላምን ትልና «ደምሴ! ተኝተሃል?» ትለዋለች። «ተኝቼ ነበር» ይላታል። እኔ በሩ ላይ ጠባቂ ሆንኩ፤ የአባዬን እንቅልፍ ከአስካለ ፍቅር የምጠብቅ።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ካርዱን ኮምፒውተሩ ውስጥ ከትቶ አየ። መስመሩ መጀመሪያ ጥሩ ነበር፤ ከዚያ ገደል ገባ፤ መሐል ላይ አንድ ቀን ብቅ አለ፤ እንደገና ገባ፤ ከዚያ ወጥቶ ሜዳ ሆነ።

«እዚህ ጋ ምን ተፈጥሮ ነው?» አለ ገደሉን እየጠቆመ።

እማዬ ቀደመችኝ። «ዳንቴል ለብሶ ነበር ዶክተር።»

ሐኪሙ ከኮምፒውተሩ ላይ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ማን? ጋሽ ደምሴ?»

አስረዳሁት፤ በቅደም ተከተል። ሳቁን ለመዋጥ ብዙ ታገለ፤ አልቻለም። ከዚያ ፈረመ። አባዬ ወረቀቱን ይዞ ኮሪደሩ ላይ ቆመና ለማንም የማይታይ ማርሽ አንደኛ አስገባ።

መሪው ላይ በተመለሰ በመጀመሪያው ጠዋት እማዬ አላስችል አላትና እኔን ላከችኝ። «ሂጂና ሲመለስ አብረሽው ተሳፈሪ። ዓይኑን ጠብቂ። አውሪው፣ ዝም እንዳትይ» አለችኝ። ቆሎ ቋጠረችልኝ። በታክሲ ቂሊንጦ ወርጄ ፋብሪካው በር ላይ ጠበቅኩት፤ ከፊት ከዚያች የስፌት ሠራተኛ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዳንቴሉ ዳሽቦርዱ ላይ ተዘርግቷል፤ ወርቃማው ዘርፍ ከሞተሩ ጋር ይወዛወዛል። ብቅ ያለው የአባዬ ሪዝ ከሩቅ ባይሆንም ከቅርብ ይታያል።

መንገዱን ስንይዝ የታዘዝኩትን ጀመርኩ። «አባዬ፣ ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ስንት ኮርስ እንዳለን ታውቃለህ?» አልኩት ጮክ ብዬ።

መልስ የለም። ደንግጬ ዞር አልኩ። ዓይኖቹ ቦግ ብለዋል፤ መንገዱን ጠርገው ያያሉ። በየመሐሉ ደግሞ ከላይ የተሰቀለውን መስታወት ቀና ብሎ ያያል። እኔም ወደ ኋላ አየሁ። ሌሊቱን ሙሉ ቆመው የሠሩት ሁሉ ተኝተዋል። አንዱ ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ፣ አንዷ በጓደኛዋ ትከሻ፣ ጎኔ ያለችው የስፌት ሠራተኛ አፏን ከፍታ። ሰርቪሱ ከዳር እስከ ዳር ያንኮራፋል፤ ገልባጭ መኪናው ከኋላ ነው፣ ባጃጁ ከመሐል፣ ከፊት እንደ ማሽናችን ፉፉፉ የምትል አለች። ነቅቶ ያለው አባዬ ብቻ ነው። ጉድጓዱን ሁሉ እንደ እንቁላል ሻጭ እየዞረ፣ ማርሹን ድምፅ እንዳያሰማ በሁለት ጣቱ ይቀይራል።

«አባዬ፣ እማዬ እኮ አውሪው ብላኝ ነው» አልኩት እንደገና።

ከመንገዱ ዓይኑን ሳይነቅል ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ቀስ ብለሽ አውሪ» አለኝ። «ሰው ተኝቷል።»